ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የመረጥኩት ቫዮሊን

ማመን የማይፈልግ ሰው እዚህ ላይ ማቆም ይችላል። አልቀየመውም። የእናቴ ልጅ፣ የገዛ እህቴ እንኳን አላመነችኝም። «ቀንተህበት ነው» ነው ያለችኝ።

ግን የሆነ ነገር ነው። በእኔ ላይ የሆነ።

እዚህ ቻናል ላይ የሚወጣውን ሁሉ አነባለሁ። ሁልጊዜ እኩለ ሌሊት ነው፣ ሁልጊዜ መብራት ይጠፋል፣ ሁልጊዜ ውሻ ያላዝናል። የእኔ እንደዚያ አይደለም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። ውጪ ሁለት ሰዎች መኪና ማን አስቀድሞ እንዳቆመ ይጨቃጨቃሉ።

ቦታው ቫዮሊን የሚሠራበት ወርክሾፕ ነው።

አብሮኝ የነበረው ታላቅ ወንድሜ ነው።

እጄን ይዞ የወሰደኝም እሱ ነው...

ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ጽሑፌ ቢያነክስ ታገሱኝ። ከስድስተኛ ክፍል ነው ያስወጡኝ። «ያለን ለሁለት አይበቃም» አለ አባቴ። ስለዚህ ታላቄ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ፣ እኔ አባቴ ጋር ጎማ መለጠፍ ጀመርኩ።

ቫዮሊን የለመድኩት ጋሼ (ታላቄን እንደዚያ ነው የምጠራው) ቤት ውስጥ ሲለማመድ እያየሁ ነው። ኖታ አላነብም። ጆሮ ግን ተሰጥቶኛል። ከዚያ ወዲህ በሠርግ፣ በምርቃት፣ በሆቴል፣ የተጠራሁበት ሁሉ ተጫውቻለሁ። እኔ ስጫወት ሰው ማንኪያውን ያስቀምጣል። ይህን የሚሉት አስተናጋጆቹ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም።

እሱ ሲጫወት ሰው ሰዓቱን ያያል።

ይህን እሱም ያውቃል። የቲያትር ቤቱ ኦርኬስትራ ሁለት ጊዜ ፈትኖ ሁለት ጊዜ መልሶታል። «ስህተት የለብህም፣ ግን ልብ ውስጥ አይገባም» አሉት አሉ። ከዚያ በኋላ የሰው ልጆች እያስተማረ ይኖራል። ሰው ሁሉ «መምህር» ይለዋል። እኔን አርባ ዓመት አልፎኝም «ትንሹ» ይሉኛል።

የተመረቀ ቀን አስተማሪዎቹ እኔን አይተው «ይሄ ማነው?» ብለው ጠየቁት።

«ዕቃ የሚይዝልኝ ልጅ ነው» አላቸው።

አጠገቡ ቆሜ። የአባቴን ኮት ለብሼ።

ሲጠይቁኝ ረስቼዋለሁ እላለሁ። አልረሳሁትም።

እንግዲህ እንደዚህ ያለው ወንድሜ ነው አንድ ቀን ሳላስበው ቤቴ የመጣው።

በዚያ ሰሞን አንድ የሰከረ እንግዳ ቫዮሊኔ ላይ ተቀምጦበት አንገቱን ገንጥሎታል። ሰውዬው ይቅርታ የጠየቀው ወንበሩን ነው። እኔ ሥራ ፈትቼ ግድግዳ ሳይ ነው የምውለው።

«ሰማሁ» አለ ጋሼ በር ላይ እንደቆመ። «አዘንኩ።»

«ግባ እንጂ።»

አልተቀመጠም። «ቲያትር ቤቱ አንድ ቦታ ከፍቷል። ፈተናው ቅዳሜ ነው። አንተ ነህ የምትሄደው።»

«እኔ? ኖታ ሳላነብ?»

«አናግሬያቸዋለሁ። በጆሮ ይቀበሉሃል። አዲስ ቫዮሊን ደግሞ እኔ እገዛልሃለሁ። አንተ ምረጥ ብቻ።»



«ምን ነካህ ጋሼ?»

«ሸመገልኩ» አለ ወለሉን እያየ። «ያለፈውን እናስተካክል።»

ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ አልዋሽም። እስከዚያ ዕድሜዬ ድረስ የራሴ የምለው ወንበር ኖሮኝ አያውቅም። ሠርግ ላይ እንኳን የሚሰጡኝ ከወጥ ቤት የመጣ በርጩማ ነው። ቲያትር ቤት ማለት የራስ ወንበር፣ የራስ መብራት፣ ፀጥ ብሎ የሚሰማ ሰው ማለት ነው። ያ ብቻ ነበር የምፈልገው። አንድ ቀን ፀጥ ብሎ የሚሰማ ሰው።

ተከተልኩት።

ወርክሾፑ ከአንድ ጫማ ቤት ጀርባ ነው። ገና ስትገቡ የኮላና የቫርኒሽ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ክር ያልገባላቸው ቫዮሊኖች ገመድ ላይ እንደ ልብስ ተሰጥተዋል። መሮ፣ መላጊያ፣ ሞርሳ... ሁሉም በየቦታው። ወለሉ በእንጨት ፍቅፋቂ ተሸፍኗል።

ሠሪዋ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ሽርጥ ታጥቀዋል። ጋሼ «እትዬ» ነው የሚላቸው።

ሰላም ስላቸው ፊቴን አላዩም።

ግራ እጄን ያዙ። ገለበጡት። ክር ሲጫን የጠነከረውን የጣቶቼን ጫፍ፣ አንድ በአንድ፣ ፍሬ እንደሚመርጥ ሰው ጫን ጫን አደረጉት።

«እሱ ነው?» አሉ።

«እሱ ነው እትዬ» አለ ወንድሜ።

«ጥሩ እጅ ነው።»

ይህን ያሉት ለእሱ ነው። ለእኔ አይደለም። እጄን ግን አልለቀቁም ነበር...

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ቫዮሊኖች ተኝተዋል። አዲስ፣ ቀያይ፣ የሚያብለጨልጩ። የመጀመሪያውን አነሳሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። ሁለተኛውንም አነሳሁት፤ ቀዝቃዛ ነው።

ሦስተኛው ሞቀኝ።

ሰው አሁን ከአንገቱ ሥር አውጥቶ ያስቀመጠው ይመስላል።

«ፀሐይ ላይ ቆይቶ ነው» አሉ ሴትዮዋ።

ጠረጴዛው ያለው ጥላ ውስጥ ነበር።

ሦስቱንም ቃኝቼ ሞከርኳቸው። አንደኛው ይጮኻል፤ ጎረቤት የተጣላ ነው የሚመስለው። ሁለተኛው በአፍንጫው ይናገራል። ሦስተኛው... ምንም የለውም። የተዘጋ በር እንደ ማንኳኳት ነው።

«ይሄስ የሞተ ነው» አልኩ።

«ጥሬ ነው እንጂ አልሞተም» አሉ። «አዲስ ቫዮሊን የሚገራው እጅ ይፈልጋል። አታውቅም?»

አውቃለሁ። ሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አዲስ ቫዮሊን ጥሩ እጅ ውስጥ ሲከርም ነው እንጨቱ የሚፈታው።

«በል አሁን ተቀመጥ» አሉኝ።

ይቺን ለማያውቅ ላስረዳ። ቫዮሊን ጆሮ ሥር ሆኖ ሲጫወቱት ይዋሻል። ድምፁን በትክክል የሚሰማው ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው ይጫወትልሃል። ዓይንም ይዋሻል፤ ቀለሙ ያማረው፣ ቅርጹ የሸነነው ያታልልሃል። ስለዚህ ጀርባህን ሰጥተህ ትሰማለህ። እኔም ስንት ጊዜ ለሰው እንደዚህ መርጫለሁ። የተለመደ ነው። ለዚህ ነው ምንም ያልጠረጠርኩት።

ወንበሩ ጥግ ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል። ወለሉ ሁሉ ፍቅፋቂ ሆኖ ዙሪያው ብቻ ተጠርጓል።

«ደንቡን ታውቃለህ?» አሉኝ ሴትዮዋ።

«እሱ ይጫወታል፣ እኔ የወደድኩትን እናገራለሁ።»

«እስክትናገር አትዞርም።»

«አልዞርም።»

«ከተናገርክ ደግሞ ተናገርክ ነው። አይመለስም።»

ሳቅ አልኩ። «እትዬ፣ ቫዮሊን ነው ወይስ ሚስት?»

ማንም አልሳቀም። ወንድሜ እንኳን።

ተቀመጥኩ።

ግድግዳው ላይ፣ ልክ ግንባሬ ትይዩ፣ ጥቁር የቅባት ምልክት አለ። የሻይ ማስቀመጫ ሰሃን ያህላል። ብዙ ሰው፣ ብዙ ጊዜ፣ ግንባሩን ተደግፎበታል። ምልክቱ መሐል አንዲት አጭር ሽበት ተጣብቃለች...

ምን ያደክማቸዋል? ብዬ አሰብኩ። ቁጭ ብሎ ለሚሰማ ሰው ግንባር መደገፍ ምን ይሉታል?

ጋሼ የመጀመሪያውን ጀመረ። ያው እሱ ነው። ልክ ነው። ቀጥ ያለ ነው። የተተኮሰ ሸሚዝ ነው።

«የሚቀጥለው» አልኩ።

ሁለተኛው። ያው ሸሚዝ፣ ሌላ ቀለም።

«የሚቀጥለው።»

ጋሼ ወዲያው አልጀመረም።



ያኔ ነው ያስተዋልኩት። የውጪው ጭቅጭቅ የለም። የጨረሱ ሰዎች ዝምታ አይደለም። ድስት ላይ ክዳን የተደፋ ነው የሚመስለው። የሴትዮዋ እግር ፍቅፋቂ ላይ ሲንቀሳቀስ ይሰማኝ ነበር። እሱም የለም።

ከዚያ ሦስተኛው ተጀመረ።

እኔ ነበርኩ።

እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ? ሰው የራሱን ሳል ያውቃል። የራሱን እርምጃ ያውቃል። እኔም እጄን አውቃለሁ። ድምፁ ላይ ትንሽ ዘግይቼ ነው የምደርሰው። ረጅሙን ስጨርስ ቀስቱን እንደደከመ ሰው ለቀቅ አደርገዋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ማንም እንደዚያ አይጫወትም።

ዜማው ደግሞ...

እናታችን የታመመች ጊዜ፣ አልጋዋ አጠገብ፣ በር ዘግቼ የተጫወትኩላት ነው። ከራሴ ያወጣሁት። ከዚያ በኋላ የትም አልደገምኩትም። ጋሼ ያኔ አገር ውስጥ አልነበረም። ለቀብሯም አልደረሰ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አይመስላችሁ። ፍቅር ነው። እዚህ ላይ ነው የማፍረው። «ወንድሜ ይህን ሁሉ ዓመት በየበሩ ጀርባ ቆሞ ሲሰማኝ ኖሯል» አልኩ በልቤ። «እጄን እስኪያጠና ድረስ ወዶኛል» አልኩ። እንባዬ መጣ።

«ጋሼ...» አልኩ። «ይህን ከየት ሰማኸው?»

ዜማው ቀጠለ። 

ከዚያ ቀኝ ጆሮዬ ሥር፣ ከንፈሩ ሊነካኝ ምንም ሳይቀረው...

«አትዙር» አለኝ ወንድሜ።

ቀስቱ አልቆመም። ድምፁ የሚመጣው ከጀርባዬ፣ ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ነው።

የወንድሜ አፍ ግን እዚሁ ነው።

«ጋሼ... ማነው የሚጫወተው?»

«ወደድከው?»

«ማነው?»

«ወደድከው ወይስ አልወደድከውም?»

ድምፁ ይንቀጠቀጣል። እሱም ፈርቷል።

ዓይኔን ዝቅ አደረግኩ። ጉልበቴ ላይ ያለው ግራ እጄ... ጣቶቼ ይንቀሳቀሳሉ። እኔ አላዘዝኳቸውም። ሱሪዬን ይጫናሉ፣ ይለቃሉ፣ ይጫናሉ። በተጫኑ ቁጥር ከኋላዬ ድምፁ ይወጣል። ብርድ ከጣቴ ጫፍ ጀምሮ ወደ አንጓዬ እየወጣ ነው። ጭንቅላቴ ከበደኝ። ሳላስበው ግንባሬ ግድግዳው ላይ አረፈ።

መነሳት እችል ነበር። መዞር እችል ነበር።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ እንዲቆም አልፈለግኩም። ሰው ስጫወት ማንኪያውን ለምን እንደሚያስቀምጥ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። እኔን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ ጆሮዬ ሥር ሆኖ ሲዋሸኝ ኖሯል። ከሩቅ... እንደዚህ ነበርኩ ለካ።

«በአፍህ ተናገር» አሉ ሴትዮዋ። እንደ ሐኪም ረጋ ብለው።

ቅዳሜን አሰብኩ። በዚህ ድምፅ ማን ይመልሰኛል ብዬ አሰብኩ።

«እሱን» አልኩ። «እሱን መርጫለሁ።»

ቆመ።

ወዲያው የውጪው ጭቅጭቅ ካቆመበት ቃል ቀጠለ።

ስዞር ወንድሜ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል። ቀስቱ በእጁ ነው። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ቫዮሊኑ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ተዘግቷል።

«እስቲ አንዴ ልያዘው» አልኩ።

«ይረፍ» አለ። «ቅዳሜ ጠዋት ቤትህ አመጣልሃለሁ።»

«አንተ አልነበርክም የምትጫወተው።»

«ማን ሊሆን ይችላል ታዲያ?» አለና ብብቴን ይዞ አስነሳኝ። በሽተኛ እንደሚደግፍ ሰው፣ ቀስ አድርጎ። በሕይወቱ እንደዚያ ይዞኝ አያውቅም። ግራ እጄ ደንዝዟል፤ እያሻሸልኝ እስከ ታክሲ ድረስ ሸኘኝ።

ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ነው ዛሬ ድረስ የማልምረው። ደስ ብሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ሸሚዝ ተኩሼ ጠበቅኩ። አልመጣም። ስደውልለት አያነሳም። ሰዓቱ ሲደርስ በባዶ እጄ ወደ ቲያትር ቤቱ ሄድኩ።

ዘበኛው በር ላይ አቆመኝ።

«ለቫዮሊን ፈተና ነው» አልኩት።

«አንዱ ገብቷል። ሌላ ይመጣል አልተባልኩም።»

«ወንድሜ አናግሯችኋል። መምህር...»

«እሱማ ውስጥ ነው ያለው» አለኝ ዘበኛው። «ስማ እስቲ። ይሄ ሰው ሁለት ጊዜ እዚህ መጥቶ ነበር። ምን በልቶ መጣ ዛሬ?»

ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰማል።

እኔ ነኝ። የእናቴ አልጋ አጠገብ ያለሁት እኔ።

ዘበኛውን ገፍትሬ ሮጥኩ። በበሩ መስታወት አየሁ። ፈታኞቹ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠዋል። አንደኛዋ በመዳፏ አፏን ይዛለች። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኗል... ጣቶቹ ግን ዜማውን አይከተሉም። ክሩ ላይ ተቀምጠው፣ ዝም ብለው ይርገበገባሉ። ይህን ከእኔ በቀር ያየ የለም።

ሲወጣ ጉሮሮውን ልይዘው ነበር።

«ለእኔ ነው ያልከኝ» አልኩ።

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።»

«ለእኔ ነው ያልከኝ ጋሼ!»

ኮሌታዬን አስተካከለልኝ። «አንተ ራስህ መረጥክልኝ እኮ» አለ በሹክሹክታ። «በራስህ አፍ። ማን አስገደደህ?»

«ግማሹን እንኳን...»

«ለሁለት አይበቃም ትንሹ። በፊትም አልበቃም።»

ይህን ብሎኝ ሄደ።

በዚያው ዕለት ሠርግ ላይ አብሮኝ ከሚጫወት ጓደኛዬ ቫዮሊን ተዋስኩ። ቀስቱን ሳሳርፍ እንደ ሳሙና ተንሸራተተብኝ። ጣቴን ስጫን ክሩ ሥጋዬን ቆረጠው። ጓደኛዬ መጀመሪያ ሳቀ።

«ምን፣ ትቀልዳለህ?»

ደገምኩት።

መሳቁን አቆመ። «እጅህን አሳየኝ» አለኝ።

አሳየሁት። የጣቶቼ ጫፍ ለስልሷል። ስንት ዓመት ክር ሲጫን የደደረው ቆዳ... የለም። የሕፃን ጣት ነው።

ወርክሾፑ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። ሴትዮዋ በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱ።

«እጄን መልሱልኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አዩት። ከላይ እስከ ታች።

«ማን ልበል?» አሉኝ። «እኔ የማውቀው ጀርባ ነው።»

ዘጉት።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ ታላቅ ሰው ሆነ። ሁሉም ስለ እሱ ያወራል። «ዘግይቶ የፈካ» ይሉታል። እህታችን ፎቶውን ሳሎኗ ሰቅላለች። እኔ አባቴ ወደ ተወልኝ ጎማ ተመለስኩ።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቲያትር ቤቱ ዝግጅት ነበረው። እህቴ «ሂድና ታረቀው፣ ወንድምህ ነው» ብላ ትኬት ሰጠችኝ። ሄድኩ። ለመታረቅ ግን አልነበረም። ያን ቫዮሊን እግሬ ሥር አድርጌ ልሰብረው ነው የሄድኩት። ለእኔ ካልሆነ ለማንም አይሁን ብዬ።

አዳራሹ ሙሉ ነው። እኔን ሰምተው ሰዎች ቆመው አጨበጨቡ። ለእሱ።

ዕረፍት ሲሆን በጎን በር ገብቼ የሚለብሱበትን ክፍል አገኘሁት። ማንም የለም። ከፎቁ ሥር የሰው ጫጫታ ይሰማል። ሳጥኑ ሶፋ ላይ ነው፤ ክፍት ነው። ቫዮሊኑን በነጭ ፎጣ ሸፍኖታል። እስከ አንገቱ ድረስ።

እጄን ዘረጋሁ።

ፎጣው ተነሳ።

ቆምኩ...

ፎጣው ወረደ።

መስኮቱን አየሁ፤ ዝግ ነው። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ፎጣው ላይ፣ ሁለቱ የድምፅ ቀዳዳዎች ያሉበት ቦታ ላይ አደረግኩ። ትንፋሽ ነው። ረጅም፣ የደከመው ሰው ትንፋሽ። እንዳልሳሳት የራሴን ያዝኩ።

እሱ ቀጠለ።

«አታንሳው» አለኝ አንድ ሰው በሹክሹክታ።

ወንድሜ በሩ ላይ ቆሟል። አልተቆጣም። ገባና በሩን ድምፅ ሳያሰማ ዘጋው።

«አሁን ገና ነው የተኛው» አለ።

«መልስልኝ ጋሼ።»

«ቀስ ብለህ ተናገር። ድንገት ከነቃ ይጨንቀዋል።»

አጠገቤ መጥቶ ተንበረከከ። ፎጣውን አስተካከለ። ሕፃን እንደሚያስተኙ እናቶች፣ በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገው። ከዚያ ቀና ብሎ ፈገግ አለልኝ። ሙሽራ መስሎ፣ ቦላሌው ተተኩሶ፣ የሸሚዙ ቁልፎች እስከ ሆዱ ተከፍተው።

መድረክ ላይ ቆይቶ ነው የመጣው። ያን ሁሉ ደረጃ ወጥቷል። ላቡ ሸሚዙን ገላው ላይ አጣብቆታል።

ደረቱን አየሁት።

ጠበቅኩ...

ፎጣው ተነሳ። ወረደ።

ተነሳ። ወረደ።

የወንድሜ ደረት ግን አልተንቀሳቀሰም።